የቆጧ ልጅ ትን እንዳይላት

ከሁሉ አስቀድሞ ልናገር፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ማንንም በስሙ አልጠራም። ጨዋነት ይዞኝ አይደለም፣ ተማሪዎቼ ያስያዙኝ አመል ነው። የሰው ስም በከንቱ ካነሳሁ ባለቤቱ ካለበት ሆኖ ትን ይለዋል ብዬ እሰጋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ዲግሪዬ። ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ።

የማስተምረው ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ውስጥ ታጠፍ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት፣ ሰባተኛ ክፍል ነው። ትምህርቱ ኅብረተሰብ። ስለ እኔ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ቢኖር ሳቄን መቆጣጠር የማልችል ሰው መሆኔ ነው። ስደነግጥ እስቃለሁ፣ ስናደድም እስቃለሁ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳቅ መጣብኝና ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ስንቀጠቀጥ፣ ያዩኝ ሴቶች ሟቹን ከልቤ የምወደው መስሏቸው ተነስተው አጽናንተውኛል። ይህን የምነግራችሁ ወደፊት በማይሳቅበት ቦታ ስስቅ እንዳትቀየሙኝ ነው።

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በምናስተምርበት ምዕራፍ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ናዚዎች ስድስት ሚሊዮን አይሁዳውያንን ጨፈጨፉ ትላለች፤ ከዚያ አራት ነጥብ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ጉዳይ። አነበብኳት። ልጆቹ ጻፏት። ከፊት የምትቀመጥ፣ አፏ ለአፍታ የማያርፍ አንዲት ተማሪ አለችኝ፤ እሷ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?" አለችኝ። ይመጣል አልኳት። ሁሉም ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው አሰመሩበትና ወደሚቀጥለው ገጽ ገለጡ። በእነሱ አልፈረድኩም፤ እኔም በልጅነቴ አስምሬ ነው ያለፍኩት። ግን ያን ቀን ቤቴ እስክደርስ እንደ ተቆጣሁ ነበር፣ በማን እንደ ተቆጣሁ እንኳ ሳላውቅ።

በዚያው ሰሞን ማዞሪያው ጋ አስፋልት ዳር ላስቲክ ዘርግቶ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ የሚያምር ዳቦ ስላየሁ የዳቦ አሠራር የሚያስተምር መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ሽሮ ጥጄ ስከፍተው ስለ ዱቄት የሚል ነገር የለውም፤ ለልጆች የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። ናዚዎች በያዙት አንድ የአውሮፓ ከተማ ውስጥ አንድ ዳቦ ጋጋሪና ሚስቱ አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት አይሁዳዊት ልጅ ከዳቦ ቤታቸው በላይ ጣሪያ ሥር ደብቀዋል። ልጅቷ ፈጠራ ናት፣ ዘመኑና መከራው ግን የእውነት ነው። ሽሮው እስኪያርር አነበብኩ። ካረረም በኋላ አነበብኩ። ስጨርስ ለእነዚያ በቀይ ላሰመሩ ልጆች ይህን መጽሐፍ ሳላነብላቸው ክፍል እንደማያልፉ ወስኜ ነበር።

ዳይሬክተራችን ጥሩ ሰው ነው፤ ነገር ግን ከእሳትና ከወላጅ የቱን ትፈራለህ ቢሉት ወላጅን ነው የሚል። የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ከኪሱ አይለየውም፤ ከፍቶ የሚያስገባውም ቆልፎ የሚያስወጣውም እሱ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ እዚያ ገብተን ላንብብ ብዬ ለመንኩት።

"ልጆች እንዳይረበሹ" አለኝ። "አንቺ ልጅ፣ ነግሬሻለሁ። አንድ ወላጅ ቅሬታ ይዞ ከመጣ በዚያው ቀን ይቆማል።"

እሺ አልኩና ሳቅሁ። ከደስታ ነበር፣ እሱ ግን አልወደደውም።

መጀመሪያ የቸገረኝ የተደበቀችበትን ቦታ በአማርኛ ምን ልበለው የሚለው ነበር። እያነበብኩ እዚያው ነው የምተረጉመው። "ከጣሪያው ሥር፣ በሳንቃ የተሠራ…" ስል አፈኛዋ ልጅ "ቆጥ ነዋ ቲቸር" አለችኝ። በቃ፣ ቆጥ ሆነ። ከዚያ በኋላ አስተማሪዎቹ እነሱ ሆኑ። ግማሾቹ በኪራይ ቤት ቆጥ ላይ ነው የሚተኙት። የቆጥ ሳንቃ መሃሉ ሲረገጥ እንደሚንቋቋ፣ ዳር ዳሩን ተንበርክከው ከሄዱ ግን ድምፅ እንደማያሰማ አስረዱኝ። አንዱ ወንድሙ በተገላበጠ ቁጥር አቧራው ታች ያለው ሻይ ውስጥ እንደሚራገፍ ነገረን፤ "ዳቦው ላይ ቢራገፍስ? ደንበኛው ቀና ብሎ አያይም?" አለ። ይህን ደራሲው ያሰበበት አይመስለኝም። እኔም አላሰብኩበትም ነበርና ሌሊቱን ስለ አቧራ ሳስብ አደርኩ።

ከባድ ጥያቄም መጣ። አንድ ዘወትር እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ ልጅ "ቲቸር፣ አይሁድ ጌታን የሰቀሉት አይደሉ?" አለ። ሙስሊሞቹ ልጆች ሳይቀሩ መልሴን ጠበቁ።

"ይህቺ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው" አልኩት። "እሷ ማንን ሰቀለች?"

አሰበ፣ አሰበና "እሷማ ያኔ የለችም" አለ። የዳቦ ቤቱ ጎረቤቶችም እንደ አንተ ሲባል የሰሙትን ይዘው ነው ልጆች ሲወሰዱ ዝም ያሉት አልኩት። የዚያን ቀን አኮረፈኝ። በሚቀጥለው ረቡዕ ግን ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

የዝምታ ጨዋታም ነበረን። የቆጧ ልጅ ቀኑን ሙሉ ድምፅ ማሰማት አትችልም፤ ታች ደንበኛ አለ። እስቲ እንሞክረው ብዬ፣ ስምንተኛ ክፍሎች በኮሪደሩ እስኪያልፉ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አልኩ። የኮልፌ ልጅ ዝም በል ሲባል ምን እንደሚሆን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የአንዱ ሆድ ጮኸ። የአንዷ ወንበር ሲጥ አለ። ጉንጫቸውን ነፍተው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ታግለው ነበር፣ ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ከሁሉ ቀድማ በሳቅ የፈነዳችው አስተማሪዋ ናት። "ቲቸር አስያዘቻት" ተባልኩ። በየሳምንቱ ሞከርን፣ በየሳምንቱ አስያዝናት።

እንግዲህ ወደ ትንታው ልምጣ። አንድ ምዕራፍ አለ፤ ቀን ነው፣ ሁለት ወታደሮች ዳቦ ሊገዙ ገብተዋል። የቆጧ ልጅ ደረቅ የዳቦ ቅርፊት እያኘከች ነበርና ትን አላት። ሳሉን ለማፈን ፊቷን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀበረች፣ ግን አንዴ አመለጣት። ይሄኔ የጋጋሪው ሚስት ታች ሆና ደረቷን ይዛ ሳል በሳል ሆነች፣ ትሪም ከእጇ ለቀቀች። ወታደሮቹ ሳቁባትና ዳቧቸውን ይዘው ወጡ።

እኔ ልጆቹ ተንፈስ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ አንዱ በጣም ተናዶ "ማን አነሳት?" አለ።

በእኛ ሰፈር ሰው ውሃ ሲጠጣ ትን ካለው "ማን አነሳህ?" ይባላል፤ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ስሙን ጠርቶታል ማለት ነው። እኔም እናቴም የምንለው ነው፤ ሁላችንም የምንለው ነው። ግን ለመጽሐፍ ሰው ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ክፍሉ ፍርድ ቤት ሆነ። ማን ነው ስሟን የጠራው? በመጨረሻ አፈኛዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ "እኔ ነኝ። ትናንት ታክሲ ውስጥ ለጓደኛዬ ሳወራላት ስሟን ጠርቻለሁ" አለች። ተረባረቡባት።

ጣልቃ ገባሁ። መጽሐፉ እናንተ ሳትወለዱ የታተመ ነው፣ ትናንት ታክሲ ውስጥ የተወራ ነገር እዚያ ውስጥ አይገባም አልኩ።

"ትናንት እኮ ገና አላነበብነውም ነበር ቲቸር" አለኝ አንዱ፣ በትዕግሥት፣ ለማይገባው ሰው እንደሚያስረዳ። ዲግሪዬን ይዤ ቆሜ ሳቅሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጅቷ ስም ተከለከለ። በክፍል፣ በመንገድ፣ በቤት። እኔም ሳነብ ስሟ ላይ ስደርስ "የቆጧ ልጅ" እንድል ተወሰነብኝ። አንድ ጊዜ ረስቼ ስሟን ጀመር ሳደርግ ክፍሉ ሙሉ እጁን ወደ አፌ ዘረጋ። ታዲያ ያኔ ስቄም ቢሆን አንድ ነገር ታየኝ። በቀይ ያሰመሩበት ቁጥር የት እንደ ደረሰ አላውቅም፤ እነዚህ ልጆች ግን የአንዲትን ልጅ ሕይወት በአፋቸው ይዘው እየዞሩ ነው። ደስታዬን የምይዝበት ጠፋኝ። ስብሰባ ላይ ሳይቀር ለብቻዬ ፈገግ እላለሁ።

ደስታዬ የቆየው የአፈኛዋ ልጅ እናት እስክትመጣ ነበር። ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠራኝ። እናትየዋ ነጠላዋን አጥብቃ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ኮልፌ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ አንድ አባት አሉ፤ ልጃቸው እዚያው ክፍል ነው።

"መምህርት" አለች እናትየዋ፣ "ልጄ ዝም አለችብኝ።"

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ ልላት ነበር።

"ምን ሆነሽ ነው ስላት ስሟን ካነሳሁ ትያዛለች ትለኛለች። ማን ናት ስላት አፏን ትይዛለች። ማታ ቆጡን ቀና ብላ እያየች ነው የምትተኛው። ጸበል ላስገባት ብዬ ነው፤ ብቻ መጀመሪያ እናንተን ልጠይቅ ብዬ።"

ባለ ቅመሙ አባት ቀጠሉ። "የኔ ልጅ ደግሞ ደረቅ ዳቦ ያለ ውሃ አልበላም ብሏል። አንዷን ጉርሻ ሲያኝክ ይመሻል። እናቱ ጥርሱን መስሏት ሐኪም ቤት ወስዳው መጣች።"

ይሄኔ ሳቄ መጣ። ከንፈሬን ነከስኩ፣ ጣሪያውን አየሁ፣ አልሆነም። ዳይሬክተሩ ፊቱ ቀላ፤ "ተናግሬ ነበር፣ ከዛሬ ጀምሮ ቆሟል" አለ። ሳቄ ያኔ በአንዴ ደረቀ። ገና የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ይቀሩን ነበር። ልጆቹ ያቺን ልጅ ቆጥ ላይ ትተው ክረምት ሊገባባቸው ነው። ያን ያህል የፈራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ያዳነችኝ ራሷ ከሳሿ ናት። "ቆይ እንጂ ጋሼ" አለችው፣ "ምን እንደሆነ ሳልሰማ ነው እንዴ የሚቆመው? እስቲ አንብቢልኝ።"

መጽሐፉን ከቦርሳዬ አወጣሁና የትንታውን ምዕራፍ እየተረጎምኩ አነበብኩ። ወታደሮቹ ሲገቡ እናትየዋ ነጠላዋን ለቀቀች። ልጅቷን ትን ሲላት ባለ ቅመሙ አባት ጉሮሯቸውን ያዙ። የጋጋሪው ሚስት ትሪውን ስትለቅ እናትየዋ "እሰይ" አለች። ዳይሬክተሩ ሻዩን አልነካውም። ስጨርስ እናትየዋ "ስሟ ማን ይባላል?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ በር ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችው ልጇ ዘላ ገባችና "እማዬ፣ አይጠራም" አለቻት። እናትየዋ ልጇን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ "እሺ፣ አልጠራም" አለች። ጸበሉ በዚያው ቀረ።

ወላጆቹ ሲወጡ ዳይሬክተሩ አስቀረኝ። "መጨረሻዋ ምንድን ነው?"

"ሰው ይጠቁምባታል። ትያዛለች። አትመለስም።"

"አይሆንም" አለ። "ልጆቹ ይህን ያህል ወደዋት እንዴት ትሞትባቸዋለች? ልብ ወለድ አይደል? የምትተረጉሚው አንቺ አይደለሽ? አትርፊያት። እንደዚያ ከሆነ ጨርሺ፣ በሚመጣውም ዓመት ትቀጥያለሽ። ካልሆነ ግን ቤተ መጻሕፍቱን ቆልፌ ቁልፉን እወስደዋለሁ።"

እሺ አልኩት፤ ተናደድኩ ብል ውሸት ነው። ተመኘሁት። ወደ ቤቴ ስሄድ ታክሲ ውስጥ አተረፍኳት። ጋጋሪው ባዶ የዱቄት ከረጢት ውስጥ ይከታታል፣ ጋሪው ላይ ይጭናታል፣ ወታደሩ ከረጢቱን በሰደፍ ጎሰም ሲያደርገው ዱቄቱ ዓይኑ ውስጥ ይገባና እሱ ሲያለቅስ እሷ ታልፋለች። በጣም አማረልኝ። ብቻዬን ስስቅ ረዳቱ ሒሳቡን ሳይጠይቀኝ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ያችን ልጅ በሕይወት ማየት ምን ያህል እፈልግ እንደነበር እዚያ ታክሲ ውስጥ ነው ያወቅሁት።

የመጨረሻው ረቡዕ ቤተ መጻሕፍቱ ጢም ብሎ ሞላ። እናትየዋ ሁለት ጎረቤቶቿን ይዛ መጥታለች፤ ባለ ቅመሙ አባት ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። ዳይሬክተሩ ከኋላ የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ አገጩ ሥር ደርሷል፤ በአንድ እጁ ውሃ፣ በአንድ እጁ ቁልፉን ይዟል። አነበብኩ። ጎረቤት ጠቆመ። ወታደሮቹ ገቡ። ታች ያለውን ዱቄት በተኑ፤ አንደኛው ቀና ብሎ ሳንቃውን አየ። ገጹን ገለጥኩ። የዱቄት ከረጢቴን አፌ ውስጥ አዘጋጀሁ።

አፈኛዋ ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ከመጨረስሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ከተረፈች አሁንም ስሟን አናነሳም፣ አይደል? አርጅታ ምግብ ስትበላ ትን ቢላትስ?"

"አናነሳም" አሉ ሌሎቹ፣ ነገሩ ያለቀለት ነው በሚል ድምፅ።

"ከሞተች ግን እናነሳታለን። የሞተ ሰው ትን አይለውም።"

ሳቅሁ፣ እንደ ልማዴ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመብኝ። ይህንን የዱቄት ከረጢት ከሰጠኋቸው እነዚህ ልጆች ስሟን ዕድሜ ልካቸውን ሊደብቁት ነው። ለሞተች ልጅ ደኅንነት ሲሉ፣ በፍቅር፣ አፋቸውን ይዘው ሊያረጁ ነው። ወደ ኋላ ወደ ዳይሬክተሩ አየሁ። እሱም የሰማ መሰለኝ፤ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። መጽሐፉን አቀናሁና የተጻፈውን አነበብኩ። ከቆጡ አወረዷት። ከሌሎች ብዙዎች ጋር ባቡር ላይ ጫኗት። ካምፕ ወሰዷትና ገደሏት። የጋጋሪው ሚስት ከጦርነቱ በኋላም በየማለዳው አንዲት ትንሽ ዳቦ ለብቻ ታስቀምጥ ነበር። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል።

ያን ጊዜ ዝም አሉ። ስንት ሳምንት ሞክረን ያቃተን ዝምታ መጣ። ከማዞሪያው ረዳቶች መርካቶ፣ መርካቶ ሲሉ እስከ እኛ ይሰማ ነበር። ያ የሚያስቀድሰው ልጅ ፊቱን በክንዱ ሸፍኗል። እኔም አለቀስኩ፣ ሳቅ ያልቀላቀለበት ለቅሶ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

አፈኛዋ ልጅ ቀስ ብላ ስሟን ጠራች። ጠርታ ጠበቀች፣ የሆነ ቦታ ሳል ይሰማ እንደሆነ የምታዳምጥ ትመስል ነበር። ምንም። ከጎኗ ያለው ጠራ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ እየጮኹ፣ እየተቀባበሉ፣ ስንት ወር አፋቸው ውስጥ የያዙትን ስም በአንዴ ለቀቁት፤ እናትየዋም ጎረቤቶቿም እያለቀሱ ጠሩት፤ ባለ ቅመሙ አባት አላህ ይማራት ብለው ጠሩት። ስሟን ማወቅ ከፈለጋችሁ ወደ ሰፈራችን ብቅ በሉ፤ የትኛውም ልጅ ጮክ ብሎ ይነግራችኋል።

በዚህ ሁካታ መሃል ዳይሬክተሩ ውሃውን ሲጎነጭ ትን አለው። ሳለ፣ ዓይኑ ቀላ፣ ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ማን አነሳዎት?" አለ። ሳቅ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ያለቀሱት ሁሉ ሳቁ፤ እሱም እየሳለ ሳቀ። ወላጆች ጀርባውን መቱለት።

ሳቁ ሲበርድ ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አነሳ። ሰዓቱ አልፎ ነበር። ቃሌን እንዳፈረስኩ እሱም እኔም እናውቃለን። ልጆቹ ቦርሳቸውን ማንገት ጀመሩ፤ አፈኛዋ ልጅ ግን አልተነሳችም።

"ቲቸር" አለች፣ "የሌሎቹስ ስም?"

"የየትኞቹ?"

"የስድስቱ ሚሊዮን።"

"ሁሉንም አላውቅም" አልኳት።

"ታዲያ እነሱን ማን ያንሳቸው?"

ዳይሬክተሩ በሩ አጠገብ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ነበር። መጥቶ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ተመልሶ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠ።